ግድግዳ ገብ ወይስ ባለ እግር

ብየዳ ቤት የተቀጠርኩ ዕለት መጀመሪያ ያስቸገረኝ ነገር የት እንደምቀመጥ ነበር። ወሩ ሐምሌ ነው። የደብረ ማርቆስን ሐምሌ ያልቀመሰ ሰው ብርድ አውቃለሁ ብሎ ባይከራከር ይሻለዋል። ጋሽ ስማቸው ግቢ ስገባ ሠራተኛው ሁሉ በቆርቆሮ ጥላው ሥር አንድ የሰጋቱራ ምድጃ ከቦ እጁን ያሞቃል። እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚፈልገው ላይኛው ወንበር የቱ እንደሆነና ከእሱ ምን ያህል ርቄ መቀመጥ እንዳለብኝ ነው። ምድጃውን ብዞረው ብዞረው ታችኛው ቦታ ጠፋኝ።

«ምን ጠፋህ?» አለኝ ጋሽ ስማቸው፣ የብየዳ ቤቱ ባለቤት።

«የምቀመጥበት።»

«ጭሱ ወደማይመጣበት ተቀመጣ» አለና ሳቀብኝ። «እኛ ዘንድ ማዕረግ ያለው ሥራው ላይ ነው።»

ማዕረጉ እውነትም ነበረ። ከሁሉ በታች ዝገት ፋቂ፣ ከዚያ ቆራጭ፣ ከዚያ በያጅ፣ ከሁሉ በላይ ለኪ። ለኪው ጋሽ ስማቸው ራሱ ነው፤ ሜትሯን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ለማንም አይሰጥም። «የተበላሸ ብየዳ ይፈታል፣ የተበላሸ ልክ ግን ላሜራ ይበላል» ይል ነበር። እኔ የሽቦ ብሩሽ ተሰጠኝና አሮጌ በርሜል ስፈገፍግ ዋልኩ። ማታ ቤቴ ስገባ እናቴ ፊቴን አይታ ቀይ አፈር ስቆፍር የዋልኩ መሰላት።

ዝገት ፋቂ ሌላም ሥራ አለው፤ ጠዋት ጠዋት ምድጃውን መሙላት። ሰጋቱራውን ከጎረቤት እንጨት ቤቶች በጆንያ እናመጣለን፤ እነሱም ግቢያቸው ስለሚጸዳላቸው ይመርቁናል። አሞላሉ እንዲህ ነው። ግማሽ በርሜል ይቆረጥና ከሥሩ በጎኑ በኩል ይበሳል። መሃሉ ላይ ክንድ የሚያህል ወፍራም ዱላ ይቆማል። ዙሪያውን ሰጋቱራ እየተጨመረ ይጠቀጠቃል። ሲሞላ ዱላው እየተሽከረከረ በቀስታ ይወጣል። ከዚያ ከታች ሲለኩሱት እሳቱ ዱላው የተወውን ቀዳዳ ይዞ ይወጣል፣ ሰጋቱራውም ከውስጥ ወደ ውጭ ቀስ እያለ ሲነድ ይውላል።

ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ነው። እርጥብ ከሆነ አጭሶ አጭሶ ይጠፋል። ላላ ተደርጎ ከተጠቀጠቀ እየነደደ ሳለ ይናዳል። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት ስንቱን እንደናድኩት በያጆቹ ዛሬም ሲያገኙኝ ያነሱብኛል። ጋሽ ስማቸው በሁሉ ነገር ይቀልዳል፣ በጭስ ግን አይቀልድም። ቤት ውስጥ የሚገባ ምድጃ ክዳንና እስከ ውጭ የሚዘልቅ ቱቦ ሳይኖረው ከግቢያችን አይወጣም ነበር።

በርና መስኮት የዕለት እንጀራችን ነበር፤ ምድጃ ደግሞ የጋሽ ስማቸው ፍቅር። ሁለት ዓይነት እንሠራ ነበር። አንዱ ግድግዳ ገብ ነው፤ በግድግዳ ውስጥ ባለ ጎድጓዳ ቦታ የሚሰካ የላሜራ ሳጥን፣ የሰጋቱራው ባልዲ እንደ መሳቢያ ተስቦ ወጥቶ የሚሞላ። ሌላው ባለ እግር ነው፤ ክብ ሆኖ በሦስት እግር የሚቆም፣ ቱቦውን ባሻህ በኩል የምታወጣለት። ደንበኛ ሁሉ «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ይጠይቃል። ጋሽ ስማቸውም ሁሌ አንድ መልስ ነበረው፤ «ቤቱ የራስህ ከሆነ ግድግዳ ገብ፣ ዘመድ ከሌለህ ባለ እግር።»

መልሱ ከአየር የመጣ አልነበረም። ሉማሜ ላይ አንዲት ባለ ሻይ ቤት ግድግዳ ገብ አሠርታ፣ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር መንገደኛው ይንጋጋላት ጀመር። ገበያዋን ያየው አከራይ ኪራይ ሲጨምርባት ቤቱን ለቃ ከመንገዱ ማዶ ተሻገረች። ምድጃው ግን በሲሚንቶ ተለስኖ ከግድግዳው ጋር አንድ ሆኗል። «በቁሜ ለአከራዬ አወረስኩት» አለችን፤ «ሰው ሲሞት እንኳ ለልጁ ነው የሚያወርሰው።»

ጉንደ ወይን ያለ አንድ እህል ነጋዴ ደግሞ ባለ እግር ከእኛ ገዛ። መጀመሪያ አማቹ ለክርስትና ተዋሰው። ከአማቹ ቤት የአማቹ ጎረቤት ለተዝካር ወሰደው። ከዚያ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። ሰውዬው በዓመቱ መጥቶ «እግር አለው ብላችሁኛል፣ እንዲህ ይሄዳል ግን አላላችሁኝም» አለ። ቤቱ የቀረችው ጣሪያው ላይ የተሰካችው ቱቦ ብቻ ነበረች።

በእንዲህ ያለ ሁኔታ ዓመታት አለፉ። ከዝገት ፋቂነት ወደ ቆራጭነት፣ ከዚያ ወደ በያጅነት ወጣሁ። የጋሽ ስማቸው ዓይን ሲደክም ሜትሯን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ፣ ለኪ ሆንኩ። የሚሊኒየሙ በዓል ሊመጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው ባልና ሚስቱ እየተከራከሩ የመጡት።

ባልየው ጋሽ ውብሸት የታወቀ ልብስ ሰፊ ነው። በከተማው ውስጥ ሙሽራ ሆኖ የእሱን ሱፍ ያልለበሰ ጥቂት ነው። ሚስቱ እትዬ እናኑ ትባላለች። ከበራችን ሲገቡ እሱ «ግድግዳ ገብ» ይላል፣ እሷ «ባለ እግር» ትላለች። ደህና ዋላችሁ ያሉን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

«ጥሩሰው፣ ፍረደን» አለኝ ጋሽ ውብሸት። «ቤቴ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ የድንጋይ ቤት ነው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የምድጃ ቦታ አለ፤ ጭስ ማውጫው እስከ ጣሪያ የተገነባ። ያ እያለ ሌላ ቱቦ ለማውጣት ኮርኒሴን ልቅደድ?»

«ኮርኒሱን የሰፋው ራሱ ነው» አለችኝ እትዬ እናኑ። «ከአቡጀዲ፣ አንድ ወጥ አድርጎ። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ወደ ላይ እንዲያይ ነው የሚያደርገው።»

«ስፌቱን አግኝቶ ያሳየኝ ሰው የለም» አለ፣ ደስ ብሎት።

ከዚያ እትዬ እናኑ ክርክሩን ትታ የመጡበትን ነገር ነገረችን። አባቷ የኔታ ይትባረክ ከደብረ ወርቅ ወዲያ በእግር በሚኬድበት አንድ ደብር የቅኔ መምህር ናቸው። ባለፈው ክረምት ደረታቸውን ብርድ መቷቸው በቃሬዛ ነበር መኪና መንገድ የደረሱት። ሐኪሙ ለእሷ ለብቻዋ እንዲህ ያለ ክረምት ሁለተኛ እንደማይችሉት ነግሯታል። ለምናና አስለምና ዘንድሮ ግንቦት ላይ ወደ ማርቆስ አመጣቻቸው። እሳቸው ግን ቃል የሰጡት እስከ ፍልሰታ ብቻ ነው። «ከበረደኝ እሄዳለሁ። ለመብረዱማ አገሬ ምን አለኝ» ብለዋታል።

«ስለዚህ ይህ ምድጃ አባቴን የሚያስቀር ነው ወይ የሚሸኝ» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበርና እኔም ጋሽ ስማቸውም ቀልዳችንን ዋጥን።

በማግስቱ ልክ ልወስድ ሄድኩ። የምድጃው ቦታ ከበሩ ጎን ነው። ጣሊያን እንዲህ አልሠራውም፤ የድሮው በር በማዶው ግድግዳ ነበር። አዲሱ መንገድ በዚህ በኩል ሲመጣ የቤቱ የቀድሞ ባለቤት ያንን ደፍኖ በምድጃው አጠገብ ሌላ በር ከፍቷል። እኔ በሜትር፣ ጋሽ ውብሸት አንገቱ ላይ ባለችው የልብስ ሜትር፣ ተራ በተራ ለካን። ወርዱን፣ ቁመቱን፣ ጥልቀቱን። ጭስ ማውጫውን ወረቀት ለኩሼ ሞከርኩት፣ ነበልባሉን ሽቅብ ይስበዋል። «ግድግዳ ገብ» ብዬ ፈረድኩ። እትዬ እናኑ «እናንተ ካላችሁ» አለች እንጂ ደስ አላላትም።

የኔታ በማዶው ጥግ ከመደቡ ላይ ሆነው ያዩን ነበር። ቀጭን፣ ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሽማግሌ ናቸው። «እናንተ ልጆች፣ ለግድግዳው ሱሪ ልታሰፉለት ነው?» አሉን።

ምድጃው ያማረ ሆኖ ወጣ። ባልዲው ሲሳብ ድምፅ የለውም፣ ክዳኑ ልክክ ይላል፣ ጭስ በአፍንጫ አይሸትም። የተከልነው ዕለት ጋሽ ውብሸት ከፊቱ ቆሞ እንደ ሙሽራ ሱፍ ዙሪያውን ዳበሰው። እኛም ተመርቀን ወጣን።

ሰኔ ሳያልቅ እትዬ እናኑ ነጠላዋ በዝናብ በስብሶ ብየዳ ቤት ደረሰች። «አባቴ ያስላቸዋል። በረደኝ ይላሉ።»

«ምድጃው ጠፋ?»

«ምድጃውማ ይንቀለቀላል። ና እየው።»

ሄድኩ። እውነትም ይንቀለቀላል። ከምድጃው አጠገብ፣ በሩ ሥር፣ ውሃ የምታመላልሰው ሴትዮ ተቀምጣ ላብ በላብ ሆናለች። ከእሷ ቀጥሎ ሱሪ ሊያስጠብብ የመጣ ደንበኛ ኮቱን አውልቋል። ድመቷ ሆዷን ለእሳቱ ሰጥታ ተዘርግታለች። የኔታ ግን ከማዶ፣ ከሥዕለ ማርያም ሥር፣ ሁለት ጋቢ ደርበው ይንቀጠቀጣሉ።

«የኔታ፣ ለምን ወደ እሳቱ ቀረብ አይሉም?» አልኳቸው።

ውሃ የምታመላልሰው ሴትዮ አፏን በነጠላዋ ያዘች። የገባኝ ያኔ ነው። ክብር ያለው ሰው የሚቀመጠው ከበር ርቆ፣ ወደ ላይ ነው። የምድጃው ጎን የቤቱ ታችኛው ጫፍ ነው፤ ለሎሌና ለድመት። እኔ የቄስ ልጅ፣ ሰው ቤት ስገባ መጀመሪያ ላይኛውን ወንበር የምፈልግ ሰው፣ ሜትር ስይዝ ይህን ረስቼዋለሁ። ጋሽ ውብሸትም ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲለካ ኖሮ ያን ዕለት የለካው ግድግዳ ብቻ ነው።

ጋሽ ውብሸት ደፈረና ዱካ አምጥቶ ከእሳቱ ፊት አኖረ። «ዛሬ ወግ ይቅር፣ እዚህ ይምጡ» ብሎ ደግፎ አስቀመጣቸው። የኔታ እጃቸውን ዘርግተው ገና ማሞቅ ሲጀምሩ በሩ ተንኳኳ። የቤቱ የነፍስ አባት ቄስ አምባው ናቸው፣ ከጎረቤት።

«ኖር» አልን ሁላችን ብድግ ብለን።

«በእግዜር» አሉ ቄስ አምባውና ወደ ታች ሲያዩ የኔታን በር ሥር አገኟቸው። የቆሙበት ደርቀው ቀሩ። «ኧረ በሥላሴ፣ የኔታን በር ላይ? ምን አጠፉ?»

«እሳት ነው የምሞቀው» አሉ የኔታ።

«እኔ ካህን ሆኜ በየኔታ ራስ ላይ አልፌ አልቀመጥም። ወደ ላይ ይበሉ፣ ይነሡ።»

ክንዳቸውን ይዘው ወደ ላይ ወሰዷቸው። ከዚያ ራሳቸው በትሕትና ከእሳቱ ጎን፣ ዝቅ ካለው ዱካ ላይ ተቀመጡና እስኪመሽ ሞቁ። ከእሳቸው በኋላ የመጣውም እንግዳ እንዲሁ። የኔታን የሚያከብራቸው ሰው በበዛ ቁጥር ከእሳቱ ይርቃሉ።

ወደ ብየዳ ቤት ተመልሼ ለጋሽ ስማቸው ስነግረው ከሳቁ ብዛት እንባውን ጠረገ። ሳቁ ሲያልቅ ግን «ሰውዬው በእኛ ሥራ ምክንያት ከሄዱ ያሳፍረኛል» አለ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል። ባለ እግሩንም ሥራላቸው፣ ከላይ ከጎናቸው አቁምላቸው።»

ሠራሁት። ለጋሽ ውብሸት ኮርኒስ ስል ቱቦውን በማዶው መስኮት በኩል አወጣሁት። ከመስኮቱ አንድ መስታወት ነቅዬ ላሜራ ተካሁበትና በእሱ አሾለክሁት። ምድጃው የኔታ ከሚቀመጡበት መደብ ጎን፣ ጉልበታቸው ዘንድ ቆመ። ልብሳቸውን ራቅ፣ ቱቦውን ቀና አድርጌ፣ ጭሱን ሁለት ቀን እየተመላለስኩ አየሁ። በዚህስ ተገላገልን አልን።

አልተገላገልንም። የኔታ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩ የኖሩት እንግዳ ክቡር ነው የሚለውን ነው። ቄስ አምባው ከዝናብ ሲገቡ «ና እዚህ፣ እግርህ ርሷል» ብለው ተነሥተው ሞቃቱን ቦታ ይሰጣሉ። ከጉባኤያቸው ሊጠይቃቸው የመጣ ተማሪ ቢሆን «መንገድ አድክሞሃል፣ እዚህ ሁን» ይላሉ። እንግዳው አይሆንም ይላል፣ ይገዘታል፤ እሳቸውም ይገዘታሉ። ግዝት ላይ ደግሞ የኔታን የሚችላቸው የለም። መጨረሻ ላይ እንግዳው እሳት ዳር፣ የኔታ በር ሥር፣ ያን ጊዜ ከማይነደው ከመጀመሪያው ምድጃዬ ጎን ይቀመጣሉ።

ሐምሌ ተጋመሰ። ሳላቸው ደረት ውስጥ ገባ። አንድ ጠዋት ልጠይቃቸው ስገባ ስልቻቸው ታስሮ በበሩ ጎን ተቀምጧል፣ በትራቸውም ተደግፎበታል።

«የት ሊሄዱ ነው፣ የኔታ?»

«ፍልሰታ ደርሷል፣ አገሬ ልግባ» አሉ። «አንተ ልጅ አይክፋህ። ምድጃህ ጥሩ ነው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። እኔ ነኝ ልክ ያልሆንኩላቸው።»

ይህን ሲሉ እየሳቁ ነው። ቅዳሜ አውቶቡስ ሊሳፈሩ መቁረጣቸውንም ነገሩኝ።

እትዬ እናኑ በዚያው ቀን ብየዳ ቤት መጣች። ምድጃዎቹን እንድንወስድላት ልትነግረን ነው የመጣችው፤ ለማየት አስጠልተዋታል። ዝናቡ ከባድ ስለነበር ጋሽ ስማቸው «ትንሽ ሙቂና ትነግሪናለሽ» ብሎ ጠጋ አለላት። እንደ ወትሮው ምድጃችንን ከበን ነበርን። በአንድ ጎኗ ጋሽ ስማቸው፣ በሌላ ጎኗ ፊቱ በዝገት የቀላ ዝገት ፋቂያችን፣ ፊት ለፊቷ በር ሊያሠሩ የመጡ አንድ መሪጌታ። ማንም «ወደ ላይ» አላላቸውም፤ እሳቸውም ግር አላላቸውም።

እትዬ እናኑ ያመጣትን ነገር ጀምራ መሃል ላይ አቆመች። ዙሪያውን አንድ ባንድ አየችን።

«እዚህ ላይኛው ቦታ የቱ ነው?» አለች።

ጋሽ ስማቸው አየኝ። እኔም አየሁት። ስንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የተቀመጥኩበት፣ የመጀመሪያ ቀን ዞሬ ዞሬ ታችኛውን ቦታ ያጣሁበት ምድጃ ነው።

«የለውም» አልኳት። «ሁሉም እኩል ነው።»

«ሳሎኑ መሃል» አለች፣ ለራሷ። ከዚያ ፊቷ ጠቆረ። «መሃል ከሆነ ግን ቱቦው የሚወጣው ሽቅብ ነው።»

ሽቅብ ያለው የጋሽ ውብሸት ኮርኒስ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ባለ እግሩን ከመስኮቱ ነቅዬ ሳሎኑ መሃል አቆምኩት። የቱቦውን ቅጥያዎች መሬት ላይ ደረደርኩ። ይቆረጥ ብዬ አልተጫንኩም። እትዬ እናኑም ባሏን አላየችም፤ ኮርኒሱንም አላየችም። የኔታ ነገሩ ገብቷቸው «ተዉ፣ ልጆች። ቤት ለሰው ተብሎ አይቀደድም» አሉ። ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ሳሉ ያዛቸው። ረጅም ሳል ነበር። ጋሽ ውብሸት ሳሉ እስኪያልቅ ቆሞ ሰማ፣ ከዚያ ጥሎን ወጣ።

የተቆጣ መስሎኝ ነበር። ሲመለስ ትልቁን የሱፍ መቀሱን፣ ኖራውንና የልብስ ሜትሩን ይዟል። ጠረጴዛ ስቦ ወጣበት።

«ቱቦው ስንት ነው ውፍረቱ?» አለኝ።

ነገርኩት። «ግን ጨርቁ ቱቦውን እንዳይነካ በሰፊው ይቆረጥ፤ በክፍተቱ ላሜራ እሠራለታለሁ» አልኩት።

«ሰፊ ኮሌታ በለኛ» አለ። በኖራ ክብ ሠራ፣ ትንፋሹን ያዘና መቀሱን አስገባ። የአቡጀዲው መቀደድ ድምፅ ቤቱን ሞላው። እትዬ እናኑ ፊቷን ወደ ጓዳ አዞረች። እሱ ግን ከቆረጠ በኋላ መርፌና ክር አወጣና አንገቱን አንጋጦ ዳሩን ዙሪያውን ዘመዘመው። ከዚያ ከጠረጴዛው ወረደ። «እንግዲህ ስፌቱ ይታያል፣ ይታይ» አለ።

እኔም ሰፊ ላሜራ ቆርጬ፣ ቱቦውን በመሃሉ በጣሪያው በኩል እስከ ውጭ አሳልፌ፣ ከጨርቁ አርቄ ከጣሪያው እንጨት ጋር አሰርኩት። ምድጃውን ሞላሁት፣ ዱላውን እያሽከረከርኩ አወጣሁ። ሳይናድ ወጣ። ለኮስኩት።

ዱካውንና በርጩማውን ሁሉ አምጥተን ምድጃውን ከበብን። ከበር መራቅ፣ ወደ በር መቅረብ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የኔታ የቀረባቸው ላይ ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳና ቄስ አምባው ገቡ።

«ኖር።»

«በእግዜር» አሉና የኔታን ወደ ላይ ለማለት ክንዳቸውን ሊይዙ ጎንበስ አሉ። ቀና ብለው ምድጃውን አዩ። በቀኝ ዞሩት፣ በግራ ዞሩት። ጋሽ ውብሸት ዘወር ብሎ ሳቁን አፈነ። እኔ የመጀመሪያ ቀኔን አስታውሼ አዘንኩላቸው።

«ላይኛው የቱ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ሲያገኙት ለእኔም ያሳዩኝ፣ ጠፍቶኛል» አሉ የኔታ። እጃቸውን ለእሳቱ ዘርግተው ነበር፤ ጣቶቻቸው ሲፍታቱ ይታያሉ።

ቄስ አምባው ያገኙት ላይ ቁጭ አሉ። ለቦታ የሚነሣ፣ ለቦታ የሚገዘት ጠፋ። ከነገ ወዲያ ስለሚገባው ጾም፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ ተወራ። የኔታ ላይኛውን ጋቢ አወለቁ። ቆየት ብለው ልጃቸውን ጠሩ።

«እናኑ።»

«አቤት፣ አባቴ።»

«ያን ስልቻ ከበሩ አንሺው። እንግዳ ይጠልፋል።»

እትዬ እናኑ ስልቻውን አንሥታ ጓዳ ገባች። ቶሎ አልወጣችም፤ ማንም አልጠራትም። ጋሽ ውብሸት አንጋጦ ኮሌታውን ያይ ነበር።

የኔታ ያን ፍልሰታ እዚያው ጾሙ፤ ከዚያም በኋላ ያሉትን ክረምቶች ሁሉ እዚያው ከረሙ። ተማሪዎቻቸው እየመጡ በምድጃው ዙሪያ ቅኔያቸውን ያሳርሟቸው ነበር። ካረፉም በኋላ ምድጃው ከቦታው አልተነሣም። ግድግዳ ገቡ ውስጥ ድመቷ ወልዳበታለች።

እኔ ዛሬ ዓይኔ ደክሞ ሜትሯን ለሌላ ሰጥቻለሁ። ወጣት በያጆች ግድግዳ ገብ ይሻላል ወይስ ባለ እግር እያሉ ይጠይቁኛል። እኔም እላቸዋለሁ፤ መጀመሪያ ሰዎቹ ሲቀመጡ እዩ፣ ከዚያ ለኩ።